ለወዳጆች ጨዋታ መቀመጫ ይተውልን

የፒያሳንና የአራት ኪሎን አዲስ ፕላን ለምትሠሩ ኃላፊዎች፣
ለመሀል ከተማ የካፌ ባለቤቶች፣
ስልክ ይዛችሁ አጠገባችን ለምትቀመጡ ሁሉ፤

ጉዳዩ፦ ተቀምጦ ለማውራት የሚሆን ቦታ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

የምጠይቃችሁ ነገር ትንሽ ነው። የድሮ ጓደኛሞች ስለ ፖለቲካና ስለ ዓለም ወሬ እንደ ልባቸው የሚያወሩበት፣ የሚሳሳቁበት፣ የሚከራከሩበት ርካሽ ቦታ መሀል ከተማ ላይ ይኑረን። ከዚያ ደግሞ ስናወራ ተዉን። ሌላው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው፣ ግን ማብራሪያው ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንን ልንገራችሁ። አብረን ያረጀን ጓደኛሞች ነን። አንዳንዶቻችን አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፣ አንዳንዶቻችን እዚያው ቡና ላይ ነው የተዋወቅነው። አንዱ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። አንዱ ሚኒባስ አለው፣ ራሱ ነው የሚነዳው። አንዷ ነርስ ናት። አንዱ ባንክ ይሠራል። አንዱ ድሮ ባሕር ኃይል ነበር። ብሔራችንም ሃይማኖታችንም ይለያያል፣ ምርጫ ሲመጣማ በአንድ ፓርቲ ተስማምተን አናውቅም። የሚያገናኘን ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቡና ይዘን ከዋይት ሐውስ እስከ ወረዳ ያለውን ባለሥልጣን እናማለን። የምንምረው የለም። የራሳችንን ወገን ከሁሉ በላይ ነው የምናማው፣ ምክንያቱም የሌላውንማ ሁሉም ያማዋል።

ይህን ሥራ ፈትነት የሚሉ አሉ። እኔ በጣም ቁምነገር ነው እላለሁ፣ ለምን እንደምል ደግሞ በምሳሌ ላስረዳ።

በ2017 ክረምት መግቢያ ላይ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ ስለ ሕዳሴ ግድብ የተናገሩትን ታስታውሳላችሁ። ግድቡን በጅልነት ገንዘብ አውጥታ ያሠራችው አሜሪካ ናት አሉ። እኚሁ ሰውዬ በ2013 ደግሞ ግብጽ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብለው ነበር። ያን ቅዳሜ መምህሩ ጓደኛችን ከወትሮው ቀድሞ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ከቦርሳው የላስቲክ ክላሰር አወጣ፣ ከክላሰሩ ውስጥ የቦንድ ሰርተፊኬቱን አወጣና ጠረጴዛው መሀል፣ ስኳሩ አጠገብ ዘርግቶ አስቀመጠው። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፣ መሀሉ ላይ ታጥፎ የቆየበት መስመር አለ። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ የወር ደሞዙ በየወሩ ተቆራርጦ እንዲሰጥ ከፈረሙት መምህራን አንዱ ነው። «እስኪ አሜሪካ የሚል ካያችሁበት አሳዩኝ» አለን። ከዚያ በኋላ ስለ ሰውዬው የተባለውን እዚህ አልጽፈውም፣ ግን ካፌው ውስጥ የነበረ ሁሉ ሰምቶ ስቋል።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ተራ የአገር ፍቅር ጨዋታ ይሆን ነበር። አላበቃም። ባለ ሚኒባሱ ሰርተፊኬቱን አንስቶ አየው አየውና «እሺ ትራምፕስ የሰው አገር ሰው ነው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ እያለን የኔ ሰፈር መብራት ለምን ይጠፋል?» አለ። መምህሩ ተናደደ። ነርሷ ለባለ ሚኒባሱ አገዘች። ከዚያ መምህሩ ንዴቱ በረድ ሲልለት ማስረዳት ጀመረ። መብራት ማመንጨትና መብራት ቤት ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን፣ ጉባ ላይ ያለው ተርባይን ቢሽከረከርም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ካረጀ አምፖሉ እንደማይበራ፣ ለሱዳን፣ ለጅቡቲና ለኬንያ የሚሸጠው ኃይል በየትኛው መስመር እንደሚሄድ ነገረን። ባለ ሚኒባሱ ከሰማ በኋላ «እንግዲያው ትራንስፎርመሩን የማይቀይረው ማነው? ስሙን ንገረኝ» አለ። እኔ ከዚህ የተሻለ የፖለቲካ ጥያቄ ቴሌቪዥን ላይ ሰምቼ አላውቅም። ኩራትም ጥያቄም በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ስኒ ቡና ላይ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ እነዚሁ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው አጨበጨቡ፣ ጥያቄው ግን እንዳለ ነው።

ባንክ የሚሠራው ጓደኛችን ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ሶፍት ላይ በእስክሪብቶ እየጻፈ ነው ያስረዳን። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ መቶን አልፎ ሄደ። እሱ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የተደረገውን የአራት ዓመት ስምምነት፣ 3.4 ቢሊዮን ዶላሩን፣ የጥቁር ገበያውን ነገር አንድ በአንድ ተነተነ። ጥቅሙንም ጉዳቱንም ተናገረ። ሶፍቱ ሲሞላ በጀርባው ቀጠለ። ነርሷ አቋርጣ «ይኼ ሁሉ ጥሩ ነው፣ የስኳር መድኃኒት ስንት ይገባል?» አለችው። መልስ አልነበረውም፣ የለኝም አለ። ከባንክ ሰው አፍ «የለኝም» የሚል መልስ የሚወጣው ጓደኞቹ ፊት ብቻ ነው።

ይህችው ነርስ ናት በጥር 2017 የአሜሪካ የዕርዳታ ገንዘብ ሲቆም ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳችን። ዋሽንግተን ላይ አንድ ፊርማ ሲፈረም እዚህ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ የጤና ባለሙያዎች ውላቸው ተቋረጠ። እሷ የምታውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ አብራቸው ተረኛ ያደረች። አንዳችን «ዕርዳታ ለምዶብን ነው፣ ይሻለናል» ሲል ቀና ብላ አየችውና የኤች አይ ቪ ክትትል ላይ ያለች አንዲት እናት ለራሷ የምታወጣው ብር እንደሌላት ነገረችው። ዝም አለ። ደግሞ ትንሽ ቆይቶ «እሺ የኛስ በጀት የት ሄደ?» አለ፣ እሷም «እሱን ጥሩ ጠየቅህ» አለችው። በዚያው ዓመት መጋቢት የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ ሲታገዱ ደግሞ አባቶቻችን በደርግ ጊዜ ድምፁን ቀንሰው የውጭ ሬዲዮ የሚያደምጡበት ዘመን ተነሣ። ያኔ ጎረቤት እንዳይሰማ ነበር የሚደበቀው፣ አሁን ጣቢያው ራሱ ፀጥ ሲል ምን ይባላል? ፑቲን ዩክሬን ሲገባ ዘይት የጨመረብንን፣ የጋዛን ነገር፣ ሁሉንም እንዲህ እያደረግን ነው የምናወራው። ዓለም በኛ ቤት በኩል ስታልፍ ምን እንደምትመስል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ልናገር።

ጥቅምት 2013 ሰሜን ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ጠረጴዛችን ሊሰበር ነበር። ባንክ የሚሠራው የመቀሌ ልጅ ነው። ስልክ ተቋርጦ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር የማያውቅበት ጊዜ ነበር። መምህሩ ደግሞ የደሴ ሰው ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የእሱም ቤተሰብ ስልክ ጠፋ። ሁለቱም ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ይቀመጣሉ፣ ግን ማንም ፖለቲካ አያነሣም። ስለ አርሰናል እናወራለን። ስለ ዝናብ እናወራለን። ሁላችንም በጣም ጨዋ ሆንን፣ «እርስዎ» ልንባባል ምንም አልቀረንም። ያ ጨዋነት እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። ጓደኛሞች እርስ በርስ መቀላለድ ሲያቆሙ ነገሩ እንዳበቃለት እወቁ። ቀጥሎ የመቀሌው ልጅ መምጣት ተወ። ማንም ለምን ብሎ አልደወለለትም። ምን ብለን እንደምንጀምር ነው የጠፋብን።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም የባሕር ኃይሉ ጓደኛችን ደወለለትና «ና፣ ቡና ቀርቦልሃል» አለው። መጣ። ተቃቀፍን። ከዚያ ዝም ብለን ተቀመጥን። የባሕር ኃይሉ ነው ዝምታውን የሰበረው። «እኒህ ሰዎች ለመታረቅ እስከ ደቡብ አፍሪካ መሄዳቸው የቡና ወጪ ለመቆጠብ ነው?» አለ። መጀመሪያ የሳቀው የመቀሌው ልጅ ነው። ከዚያ መምህሩ። ከዚያ በዚያው ጠዋት ሁለቱም በየግላቸው የደረሰባቸውን ተናገሩ፣ ማንም ማንንም አላቋረጠም። ስምምነቱን ስለፈረሙት ሰዎች ደግሞ ከሁለቱም ወገን ያልተባለ ነገር የለም። በሁለቱም ወገን የሳቅነው እኩል ነው። ይህን ለእርቅ የተመደበ የትኛውም አዳራሽና የትኛውም ባነር ሊያደርግልን አይችልም ነበር፣ ምክንያቱም አዳራሽ ውስጥ ሰው ስለ ራሱ ወገን መሪ አይቀልድም።

የባሕር ኃይሉን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የባሕር በር ወሬ ሲሞቅ፣ በታኅሣሥ 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነዱ ሲፈረም፣ በታኅሣሥ 2017 ደግሞ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ስምምነት ሲደረስ፣ አሁን ደግሞ አሰብ አሰብ ሲባል፣ ሁላችንም ካርታ ሠሪዎች ሆነናል። እሱ ብቻ ነው ባሕሩ ላይ የኖረው። ምጽዋ በየካቲት 1982 ስትያዝ የሆነውን ያስታውሳል። ባሕር ያስፈልገናል ይላል፣ በዚህ ከማንም አያንስም፣ ስለ ቀይ ባሕር ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። ግን ከጎረቤት ጠረጴዛ አንድ ወጣት ተነሥቶ «በጉልበትም ቢሆን እንይዘዋለን» ሲል እሱ ነው «አንተ ልጅ፣ ናማ እዚህ ቁጭ በል» ያለው። ልጁም ተቀመጠ። ቡና አዘዘለት። የነገረውን ሁሉ አልሰማሁም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። ልጁ ግን ሲሄድ እጁን በሁለት እጁ ይዞ ነው የተሰናበተው። ይህ የሚሆነው ሽማግሌና ወጣት በአጋጣሚ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ቦታ ሲኖር ነው።

እናንተ ፕላን የምትሠሩ፣ ነገሩ ወደ እናንተ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ከ2016 ጀምሮ ፒያሳ እንዴት እንደተለወጠች ለእናንተ አልነግራችሁም። ዶሮ ማነቂያ የለም። እሪ በከንቱ የድሮው አይደለም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያምራል፣ ማታ ከዓድዋ ድል መታሰቢያ እስከ አራት ኪሎ በእግር መሄድ ደስ ይላል። የሕዝብ ሽንት ቤት መሠራቱን ከልቤ አመሰግናለሁ፣ ስኳር ያለበት ሽማግሌ ጓደኛ ያለው ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል። የድሮው ሰፈር ጣሪያው የሚያፈስ፣ ቦዩ የሚሸት እንደነበረም አልክድም፣ እዚያ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግን እዚያ ሰፈር ውስጥ በትንሽ ብር ተቀምጦ ግማሽ ቀን ማውራት ይቻል ነበር። የጀበና ቡና የምታፈላዋ እናት፣ ዱካዎቹ፣ ጠባቧ በረንዳ፣ ቡናውን ጨርሶ ሁለተኛ ሳያዝ የተቀመጠን ሰው የማያይ ዓይን። ይኼ በፕላን ላይ የማይታይ ነገር ነው። ስለማይታይ ነው አብሮ የፈረሰው።

አዲሶቹን አግዳሚ ወንበሮች ልብ ብላችሁ እዩልኝ። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ወደ መንገዱ የዞሩና በአንድ መስመር የተደረደሩ ናቸው። ለደከመው መንገደኛ ጥሩ ነው። ለፍቅረኛሞችም ይሆናል። አምስት ስድስት ሆነን ስንቀመጥ ግን ጫፍ ላይ ያለው ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለውን አይሰማም። መምህሩ አንዱ ጆሮው አይሰማምና ሰው ሲናገር አንገቱን እንደ ሰጎን እያወጣ ነው የሚያዳምጠው። ፊት ለፊት የሚገናኙ ሁለት አግዳሚዎችና መሀላቸው ላይ ስኒ የሚያስቀምጥ ድንጋይ ቢኖር ወጪው ምን ያህል ይጨምራል? ከላዩ አንድ ዛፍ፣ ጥላ የሚሆን። አጠገቡ በአነስተኛ ኪራይ ለጀበና ቡና ሴቶች የተከለለ ቦታ። ከዚህ ሌላ የምንጠይቀው የለም።

አራት ኪሎ ላይ ደግሞ የጋዜጣ ነገር አለ። በ1914 የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት እዚያ አካባቢ ያለውን ሰው ጋዜጣ ጋዜጣ ሲያሸትተው ኖሯል። አዲስ ዘመን ከግንቦት 1933 ጀምሮ የታተመው ያኔ አገር ነፃ በወጣ ማግስት ነው፣ የአራት ኪሎው ሐውልትም የቆመው ለዚያው ለሚያዝያ 27 ነው። በዚያ ሐውልት ዙሪያ ሰው ጋዜጣ ተከራይቶ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ያነባል። ክፍት የሥራ ቦታ ሊፈልግ የመጣው ሥራ አጥ፣ ቀስ እያለ የውጭ ዜናውን ያነባል፣ ከዚያ አጠገቡ ያለውን ሰው «ይኼን አየኸው?» ይለዋል። ክርክሩ በዚያ ይጀመራል። በ1985 የፕሬስ አዋጅ ሲወጣ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን የፈሉበትን፣ የ1997 ምርጫ ሰሞን ሰው ተሰልፎ ጋዜጣ የገዛበትን፣ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ሲዘጉና ጋዜጠኞች ሲታሰሩ ደረጃው ላይ ያለው ሰው ፊት እንዴት እንደጠቆረ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ዛሬ ጋዜጣው ቀንሷል፣ የሚከራየውም ቀንሷል። የቀሩትን አንባቢዎች ግን ደረጃው ላይ ስታዩአቸው ቦታ የሚያጨናንቁ አድርጋችሁ አትቁጠሯቸው። መቀመጫ አድርጉላቸው።

ድሮ ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ እንደነበር ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው። አዝማሪው በንጉሡ ፊት በሰምና ወርቅ ሸንቆጥ አድርጎ ያልፍ ነበር፣ ንጉሡም ገብቶት ይስቅ ነበር፣ አልፎ አልፎም ይማር ነበር። እረኛው ዛሬ ፒያሳ ላይ ቡና ይጠጣል። መቀመጫ ካሳጣችሁት ምን እንዳለ ከማን ትሰማላችሁ? ከሪፖርት? ሪፖርት ላይ እኮ ሁሉም ነገር «በተያዘለት ዕቅድ መሠረት» ነው። የባለ ሚኒባሱ ጥያቄ በየትኛው ሪፖርት ውስጥ እንደሚገኝ ንገሩኝ።

ለካፌ ባለቤቶች የምለው አጭር ነው። ኪራዩ እንደናረባችሁ፣ ቡናውም ወተቱም ስኳሩም እንደጨመረ አውቃለሁ። አንድ ማኪያቶ ይዞ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው አያተርፋችሁም። ግን አንዳንዶቻችሁ የምታደርጉት ያማል። ባለፈው አንድ ቤት ገብተን ገና ስኒው ሳይቀዘቅዝ አስተናጋጁ መጥቶ ጠረጴዛውን ወለወለ፣ ደግሞ መጣ ወለወለ፣ ሙዚቃው ከፍ አለ፣ በመጨረሻ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ አሳየን፤ ያለ ትዕዛዝ መቀመጥ ክልክል ነው ይላል። ልጁ አፍሮ ነበር፣ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ነርሷ ቲፕ ሰጥታው ወጣን። ቆሞ ቡና መጠጣት የፒያሳ የቆየ ወግ ነው፣ ቶሞካ ከ1945 ጀምሮ ሰው ቆሞ ጠጥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ለቸኮለ ሰው ከዚያ የተሻለ የለም። የቀይ ባሕር ነገር ግን ቆመው የሚጨርሱት አይደለም። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ቤታችሁ ግማሹ ባዶ ነው። ያንን ሰዓት ተዉልን። ሙዚቃውንም ቀንሱልን። ደንበኛ ደንበኛን ይጠራል፣ ይህን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ስልክ ይዛችሁ አጠገባችን ለምትቀመጡት ደግሞ ጠንከር አድርጌ ነው የምናገረው።

ባለ ሚኒባሱ ጓደኛችን ሰው አስመስሎ በማውራት የሚችለው የለም። አንድ ቀን የአንድ ፖለቲከኛ ንግግር በድምፁም በእጁም እያስመሰለ ሲያስቀን ከጎረቤት ጠረጴዛ አንዱ ቀርጾት ኖሮ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። «እሱ እንዲህ አለ» የሚለውን መጀመሪያ ቆርጦ ጣለው። ስለዚህ ቪዲዮው ላይ ጓደኛችን የሚያሾፍበትን ሐሳብ ራሱ የሚያምንበት ሆኖ ተገኘ። ልጆቹ አዩት። አብረውት የሚሠሩ ሹፌሮች አዩት። ሰው ስድብ ጻፈለት፣ አንዳንዱ ከስድብም ያለፈ ጻፈ። ለብዙ ሳምንታት አልመጣም። ሲመጣም «ኮረንቲና ፖለቲካ በሩቁ» ብሎ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ያ ሰው ነው ትራንስፎርመሩን የማይቀይረው ማነው ብሎ የጠየቀው። አሁን አይጠይቅም።

ሕጉን የማያውቅ ካለ ይወቀው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣት አይቻልም ይላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወትን፣ አንቀጽ 29 ላይ ሰው የመሰለውን የመያዝና የመናገር ነፃነትን አስፍሯል። የ2012ቱ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሠራጭ ቅጣቱን እስከ 3 ዓመት እስራት ያደርሰዋል። የምጠይቃችሁ ይህን ነው፤ ስድስት ሰው የሰማውን ቀልድ ቆራርጦ፣ ትርጉሙን ገልብጦ ለመቶ ሺህ ሰው ያደረሰው ማን ነው? ጠረጴዛው ላይ ለወዳጆቹ ያሾፈው ሰውዬ ነው? እኔ ማንም እንዲታሰርልኝ አልፈልግም። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ወንበራችሁን ወደኛ አቅርቡ። ካልተስማማችሁ ተናገሩ። የመጣ ሰው አባረን አናውቅም።

ለባለሥልጣናትም በዚሁ አንድ ቃል ልጨምር። ስለ እናንተ እንቀልዳለን። መቀለዳችንንም እንቀጥላለን። በቀልዱ ውስጥ ጥላቻ ፈልጎ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ስኒው አጠገብ ያልነበረ ሰው ነው። የሚጠላችሁ ሰው ትራንስፎርመሩ ቢቀየርም ባይቀየርም ግድ የለውም። እኛ ግድ ይለናል፣ እንዲቀየር ነው የምንፈልገው፣ ሲቀየር ደግሞ ቅዳሜ ላይ እናወራዋለን።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይኼ ነው። ፒያሳ ላይ ገና ያልተገነባበት ቦታ አለ፣ ፕላኑም አሁን እጃችሁ ላይ ነው። ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎ ባለው መንገድ ላይ ቢያንስ በአንድ ቦታ ፊት ለፊት የሚገናኙ መቀመጫዎች፣ ጥላና የጀበና ቡና ቦታ አስገቡበት። አራት ኪሎ ላይ ለጋዜጣ አንባቢዎች መቀመጫ ጨምሩ። መልሳችሁን በደብዳቤ ለመላክ አትቸገሩ፤ የፕላን ባለሙያችሁን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ላኩልን። ለካን እናሳየዋለን፣ ወንበሮቹ ምን ያህል መቀራረብ እንዳለባቸው መምህሩ አስቀድሞ በወረቀት ሥሎታል። ቡናው በኛ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የፒያሳ የቅዳሜ ጠዋት ጓደኛሞች